አቶ ድልድይ የሌለበት ሽፋን

ቨርሊን ሃውገን በአዲሱ ኮሚክ የተናደደው ገና በእጁ ሳይነካው ነው። ረቡዕ ነበር፤ አዳዲስ ኮሚኮች የሚወጡት ረቡዕ ረቡዕ ስለሆነ፣ ከቀለም መሸጫው እንደወጣ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ማርጊት ሱቅ ገሰገሰ። አሳታሚው ሽፋኑን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ደብቆት ስለነበር ቨርሊን እንቅልፍ አጥቶ ነው የከረመው። በሩን ከፈተ። «አዲሶቹ ዘቦች፣ ቁጥር አንድ» ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። አየውና እዚያው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«የለም!» አለ።

«በሩን ዝጋው፣ ብርድ አስገባህብኝ» አለች ማርጊት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን ያየ አለ?» የምትል፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ባለ ሱቅ ናት። «ማነው የሌለው?»

«አቶ ድልድይ የለማ! እዪው እስቲ፣ ኮሎኔል ውርጭ አለ፣ እመቤት ማግኔት አለች፣ መንትዮቹ አሉ። ይቺ ፀጉሯ የሚነደው ከየት እንደመጣች እንጃ፣ እሷም አለች። እሱ የለም! ጣሉት!»

አቶ ድልድይን ለማያውቅ ሰው፣ አይበርም፣ አይተኩስም፣ ቡጢውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያለው ጉልበት አንድ ነው። ቡድኑ ገደል ወይም ወንዝ ሲገጥመው በሆዱ ይተኛል፣ ይለጠጣል፣ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ ሌሎቹ ጀርባው ላይ እየሮጡ ይሻገራሉ። «እለፉ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ይላቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲረገጥ የኖረ ጀግና ነው። ሌላ አገር ይሳቅበት ይሆናል እንጂ በዱሉት ከተማ አይሳቅበትም። እዚህ የወደቡ ድልድይ መርከብ ለማሳለፍ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር ግማሹ ሰው ሥራ ቦታው አርፍዶ ይደርሳል፤ ከድልድዩ ወዲህ የሚኖረውም ሳይቀር «ድልድዩ ተነሳብኝ» እያለ ይዋሻል። ቨርሊን ደግሞ ልጅ ሆኖ ኳስ ሲመራረጡ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚቀር ከሲታ ስለነበር፣ እየተረገጠ ሰው የሚያድን ጀግና ሲያገኝ ልቡን ሰጥቶት ቀረ።

ማርጊት ከሣጥን ያወጣችውን ኮሚክ ሁሉ ገና ማንም ሳይነካው ላስቲክ ውስጥ ከታ፣ ኋላውን በካርቶን ደግፋ፣ አፉን በፕላስተር ታሽገዋለች። ከዚያ ከታች በቀኝ ጥግ በኩል የሱቋን ምልክት ትለጥፍበታለች፤ የመዳፍ ያህል ሰፊ፣ ቢጫ፣ አጋዘን የተሳለበት። አጋዘኗን አንዴ ከለጠፈች አለቀ። ቨርሊን በወትሮው ቁጥር አንድ ሲወጣ ሁለት ይገዛል፣ አንዱን ሊያነብ፣ አንዱን ሳይከፈት ሊያስቀምጥ። ቁጥር አንድን ከላስቲኩ ማውጣት በኮሚክ ሰብሳቢዎች ዘንድ የሙሽራ ኬክ ከሰርጉ በፊት እንደመቁረስ ነው። ዘንድሮ ግን የመጣው ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ሆነ።

«ታነበዋለህ ወይስ ታስቀምጠዋለህ?» አለች ማርጊት።

«ምኑን ነው የማነበው?» አለ ቨርሊን፤ አጋዘኗ እንደተለጠፈችበት ብብቱ ሥር ወሽቆት ወጣ።

ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይባላል። ቨርሊን የዚያኑ ዕለት ምሽት የአድናቂዎቹ ገጽ ላይ «ክህደት» የሚል ርዕስ ያለው፣ ለማንበብ ምሳ መቋጠር የሚያስፈልገው ጽሑፍ ለጠፈ። ሥዕሉን ረገመ፣ ደራሲውን ረገመ፣ የደራሲውን የፀጉር አቆራረጥ ሳይቀር ረገመ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። አንዳንዱ ግን ከሥር እየመጣ «ወንድም፣ አንብበኸዋል?» ይለዋል። ይህን ያለውን ሁሉ ብሎክ እያደረገ ሄደ። ሽፋኑ ስልኩ ላይ በመጣ ቁጥርም ቶሎ ያሳልፈዋል፤ ማየት አላስቻለውም። በሁለት ቀን ውስጥ ገጹ ላይ የቀሩት ኮሚኩን ያላነበቡት ብቻ ሆኑ፤ እርስ በርሳቸውም ፍጹም ተስማሙ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ራስል ፔልቶ ሱቁ ውስጥ ጠበቀው።

ራስል የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም የቁም ሣጥን ያህላል። ከቨርሊን ጋር የተዋወቁት እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ አንዲት የቆየች የአቶ ድልድይ ኮሚክ ላይ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ አርፎ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ በከተማው የኮሚክ ፌስቲቫል ላይ ለጀግኖች አለባበስ ውድድር አብረው ይወጣሉ። ራስል ግራጫ ካባ ለብሶ፣ ጺሙን አሹሎ መድረኩ ላይ በሆዱ ይዘረጋል፤ ቨርሊን ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ሆኖ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ይሻገርበታል። አሸንፈው አያውቁም። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥተዋል፤ ተወዳዳሪዎቹም ሦስት ነበሩ።

«አነበብከው?» አለ ራስል። ፊቱ ያበራል፣ አፉ አልገጠም ብሎታል።

«አላነበብኩትም። አላነበውምም።»

«እንዴ! ለምን?»

«አቶ ድልድይን አባረው ማንን ሊያስነብቡኝ ነው?»

ራስል ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዳክዬ ኮፍያ ሄደ። የሱቁ ደንብ ነው፤ የሚቀጥለው ቁጥር እስኪመጣ ድረስ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደተከሰተ ላላነበበ ሰው መናገር ክልክል ነው። ያመለጠው ሰው ዳክዬውን አጥልቆ ሱቁ እስኪዘጋ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ኮፍያው መንቆር አለው፣ ሲነኩት ይጮኻል። ማርጊት መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ራስልን አየችው። ራስል አፉን ዘጋ።

«አንብበው ብቻ» አለ።

«ለምን? ምን አለበት?»

«አንብበዋ!»

«ንገረኛ!»

«አልችልም እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ደንብ ነው።»

«እሺ ጥሩ ነው፣ መጥፎ?»

«እንደሱ ያለ አንብቤ አላውቅም» አለ ራስል። «ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሽንኩርት ሳይከተፍ።»

ይህ ነው የቨርሊንን ቆሽት ያሳረረው። «አለቀስክ? አቶ ድልድይ በሌለበት? ለማን ብለህ? ለዚች ፀጉሯ ለሚነደው?»

«ቨርሊን፣ በናትህ—»

«እስቲ ይሄን እየው!» ቨርሊን የታሸገውን ኮሚኩን ከቦርሳው አወጣና ባንኮኒው ላይ አጋደመው። «የቆሙበትን መሬት አየኸው? ይሄ ግራጫ የማን ግራጫ ነው? የአቶ ድልድይ ካባ ግራጫ ነው! ዕድሜ ልኬን ቀለም ስቀምም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በቀለም ማንም አይሸውደኝም። ሰውየውን አባረው ቀለሙን ወሰዱና ወለል ቀቡበት!»

ራስል እንደ ሳል ያለ ድምፅ አሰማ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ቀጥል» አለ ባንኮኒውን ጨብጦ። «ግራጫው… እሺ፣ ከዚያስ? ቀጥል፣ ቀርበሃል…»

«ራስል!» አለች ማርጊት፣ እጇን ወደ ዳክዬው ሰድዳ።

«ሳል ነው! እየሳልኩ ነው!»

ቨርሊን ግን የሚያሾፍበት መሰለው። ሃያ ዓመት አብሮት የኖረው ጓደኛው፣ ያውም በአቶ ድልድይ ጉዳይ! ኮሚኩን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ዘንድሮ መድረክ ላይ ሌላ ሰው ፈልግ» አለ። «እኔ ከከዳተኛ ጋር አልሻገርም።»

«እኔ ነኝ ከዳተኛ?» አለ ራስል። ሳሉ ጠፋ። ያን የሚያህል ሰውዬ ትከሻው ወርዶ አነሰ። «እኔ ነኝ፣ ቨርሊን?»

ቨርሊን በሩን እንደበረገደው ወጣ፤ ማርጊትም ስለ ብርዱ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለቨርሊን የማይገፉ ሆኑ። ራስል ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳም። ሦስተኛ ቢደውል ኖሮ ያነሳ ነበር፤ አልደወለም። ቀለም ሲቀምም ለማን እንደሚያወራ ጠፋው። አንዷን ደንበኛ ስለ አቶ ድልድይ ጺም ሲያስረዳ ሳሎኗን አረንጓዴ ሊያስቀባት ምንም አልቀረውም። ቤቱ ገብቶ የመንገደኛውን ሻንጣ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ተሳስቼ ይሆን የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ወዲያው እሱንም በልቡ ብሎክ ያደርገዋል። ኩሩ ሰው ናፍቆት ሲይዘው የባሰውን ያደርጋል፤ ቨርሊንም ፌስቲቫሉ ላይ ተቃውሞ ሊያካሂድ ጠረጴዛ ተከራየ።

ፌስቲቫሉ ቅዳሜ ነበር፣ ሐይቁ ዳር ባለው ትልቁ አዳራሽ። ጸደይ ነው ይባላል እንጂ ውጭው በረዶ ነው፤ ካባ የለበሱ ጀግኖች ሁሉ ከሥር ወፍራም የሱፍ ሱሪ አጥልቀዋል። ቨርሊን ጠረጴዛው ላይ የታሸገውን ኮሚክ አስቀመጠ፤ ከራሱ በላይ ደግሞ ግራጫውን አንድም ሳያዛንፍ ቀምሞ በእጁ የጻፈውን ሰሌዳ አቆመ፦ «ያለ ድልድይ ቡድን የለም!» ዕቅዱ እኩለ ቀን ላይ ኮሚኩን ወስዶ አሳታሚው ፊት መወርወር ነው። እስከዚያ ድረስ ፊርማ ያሰባስባል።

ፊርማው ግን ጉድ ሆነበት። ሰው በፈገግታ እየቀረበ ሰሌዳውን ያነባል፣ «ትክክል ነው!» ይላል፤ ከዚያ ቨርሊን ብዕር ሲያቀብለው ግራ ይጋባል።

«ቆይ፣ ምኑን ነው የምትቃወመው?» አለችው የእመቤት ማግኔትን ልብስ የለበሰች ሴት፤ ሹካና ማንኪያ ደረቷ ላይ ተሰፍቶ ይንቀጫቀጫል።

«አቶ ድልድይን ማስወጣታቸውን ነዋ!»

ሴትዮዋ የታሸገውን ኮሚክ አየች፣ ቨርሊንን አየች። «አላነበብከውም?»

«በመርህ ደረጃ፣ አላነበብኩም!»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ከድና፣ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ፣ ሹካዋ እየተንቀጫቀጨ ሄደች። ከእሷ በኋላ የመጣውም እንዲሁ አደረገ። ያነበበ ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ያልፋል፤ የአድናቂ ወጉ ነው፣ ያላነበበን ሰው ደስታ አይነጥቁም። የፈረሙለት ጥቂቶቹ የሱ ብጤዎች፣ የታሸገ ኮሚክ እንደ ሕፃን ያቀፉ ሰዎች ነበሩ።

ማርጊት የሚጨስ ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። የዱር ሩዝና እንጉዳይ ያለበት ነው፤ ቨርሊን ገና ሲሸተው ማን እንደሠራው አወቀ።

«ራስል ልኮልህ ነው» አለች። «ቁርስ ሳይበላ ነው የሚወጣው፣ ያመዋል አለኝ።»

ቨርሊን ሳህኑን ተቀበላት። «እሱስ የት አለ?»

«ለውድድሩ ተመዝግቧል። ብቻውን።»

«ብቻውን አቶ ድልድይ መሆን አይቻልም። ማን ይሻገርበታል?»

«እኔም እንደሱ ብዬው ነበር» አለች ማርጊት። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ልንገርህ፣ ከተጣላችሁ በኋላ ሱቅ መጥቶ ዳክዬውን ራሱ አውርዶ አጠለቀ። ‹ደውዬ ልንገረው፣ ከዚያ እስክትዘጊ ቁጭ እላለሁ› አለኝ። ስልኩን አወጣ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው። ‹አይ፣ ራሱ ይየው። ከልጅነቱ ጀምሮ የጠበቀውን ነገር እኔ አልቀማውም› አለ። ዳክዬውን እንዳጠለቀ ሲያለቅስ አየሁት። በጣም ያስቅ ነበር።»

ቨርሊን ሾርባውን ጠጣ። እንደ ወትሮው ይጣፍጣል፣ ይህም የባሰ አናደደው። ሰዓቱን አየ። እኩለ ቀን ደርሷል፤ ወደኋላ ማለት ደግሞ አይሆንለትም።

«በይ፣ ልሂድና ልመልስላቸው» ብሎ ኮሚኩን አነሳ። ከዚያ ቆም አለ። «ማርጊት፣ አንቺ ግን ምንም አላጠፋሽም። የሱቅሽ ምልክት እንዳለበት ፊታቸው አልወረውረውም። አጋዘንሽን ልላጥ።»

«ተው፣ ይቅር፣ ግድ የለም» አለች ማርጊት፤ ይህን ስትል ግን ድምፅዋ እንግዳ ሆኖ ነበር፣ ወንበርም ስባ ተቀመጠች።

ቨርሊን ጥፍሩን ከአጋዘኗ ጥግ ሥር አስገባ። ተለጣፊ ነገር እንዴት እንደሚነሳ ያውቃል፤ በትንፋሹ አሞቀው፣ ቀስ ብሎ ሳበው። ከሥሩ መጀመሪያ ግራጫ ብቅ አለ። ከዚያ የጺም ጫፍ። ሹል ጺም። ቨርሊን መሳቡን አቆመ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ተጠጉ፤ ባለ ሹካዋ ሴትም ተመልሳ መጥታለች። እንደገና ሳበው። አፍንጫ፣ ከዚያ አንድ ዓይን፣ ከዚያ ሌላው ዓይን።

አቶ ድልድይ ከሽፋኑ ጥግ፣ ከሁሉም ሥር፣ ቀና ብሎ ቨርሊንን አየው፤ ፈገግ ብሏል።

ግራጫው መሬት መሬት አልነበረም፤ የአቶ ድልድይ ጀርባ ነበር። ኮሎኔል ውርጭ፣ እመቤት ማግኔት፣ መንትዮቹ፣ ፀጉሯ የሚነደው ልጅ፣ ሁሉም የቆሙት እሱ ላይ ነው።

ቨርሊን ያን ጊዜ ያደረገውን አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። የቁጥር አንድን ላስቲክ በጥርሱ ቀደደው። አንድ የታሸገ ኮሚክ ያቀፈ ሰውዬ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ደረቱን ያዘ። ቨርሊን አልሰማውም፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ እያነበበ ነው። ቡድኑ አየር ላይ በሚመስል ቦታ ቆሟል፤ ኮሎኔል ውርጭ ግራ ቀኙን እያየ ይቆጣል፦ «ድልድይ የት ሄደ? ዛሬም ቀረ?» ከእግሩ ሥር ትንሽ ድምፅ ይመልስለታል፦ «እኔ እዚህ ነኝ።»

ቨርሊን አለቀሰ። ሽንኩርት በአካባቢው አልነበረም።

በዚያው ቅጽበት ከመድረኩ የድምፅ ማጉያው ጮኸ። «የሚቀጥለው ተወዳዳሪ፣ አቶ ድልድይ! እ… ብቻውን ነው?» ቨርሊን ቀና አለ። ከሰው ራስ በላይ መድረኩ ይታያል፤ ራስል ግራጫ ካባውን ለብሶ መድረኩ መሐል በሆዱ ተዘርግቷል፣ እጁን ወደፊት ዘርግቷል፣ ማንም አይሻገርበትም። ሕዝቡ ምን እንደሚያይ አልገባውም።

«ወደቀ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሐኪም ይጠራ!» አለ ሌላው።

«አልወደቀም!» ብሎ ጮኸ ቨርሊን፤ ሮጠ። ሻንጣ የለውም፤ ኮሚኩን ብብቱ ሥር ወሽቆ በሻንጣው ፋንታ ሰሌዳውን ነቅሎ ያዘ። አንድ ጫማውን ሾርባው አጠገብ፣ ሌላውን የመድረኩ ደረጃ ላይ አወለቀ፤ ካልሲው ጣቱ ላይ ተቀዷል። ራስል እግር ሥር ቆመ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጀርባው ላይ ወጣ።

«ከብደሃል» አለ ራስል፣ ፊቱ ወለሉ ላይ እንደተደፋ።

«ሾርባህን ጠጥቼ ነው።»

«አየኸው?»

«አየሁት። ይቅር በለኝ፣ ራስል። ከዳተኛው እኔ ነኝ፣ ደደቡም እኔ ነኝ።»

«እሱን ቆይተን እናወራዋለን። ወገቤ ላይ አትቁም።»

ሕዝቡ ሰሌዳውን አነበበ፤ «ያለ ድልድይ ቡድን የለም!» ይላል። ጠዋት ሙሉ ግራ ሲያጋባ የዋለው ጽሑፍ አሁን ቦታውን አገኘ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቨርሊን ጭብጨባው ራሱ ላይ ወጣበት። ራስል ትከሻ ላይ ቆሞ፣ ሰሌዳውን አውለብልቦ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦ «አቶ ድልድይ አልወጣም! አለ! እነሱ የቆሙት እሱ ላይ ነው! ሽፋኑ ላይ መሬት የመሰላችሁ እሱ ነው!»

ጭብጨባው ቆመ። ከአዳራሹ ማዶ ለማዶ፣ የታሸገ ኮሚክ ያቀፉት ሁሉ በአንድ ድምፅ «አይ!» አሉ። በተለይ ፊርማቸውን የሰጡት። ራስል ከሥር ሆኖ ሲስቅ ቨርሊን መሬት እንደተንቀጠቀጠበት ሰው ተንገዳገደ።

ማርጊት በሕዝቡ መሐል መንገድ እያስከፈተች መጣች። ከቦርሳዋ ዳክዬውን አወጣች። ይዛው የመጣችው ለዚሁ ነው፤ ቨርሊንን ከተዋወቀችው ቆይታለች። ሳትናገር ራሱ ላይ አጠለቀችለትና መንቆሩን ነካችው። ጮኸ።

በውድድሩ አራተኛ ወጡ፤ ዘንድሮ ተወዳዳሪዎቹ አራት ነበሩ። ያ ግን ኋላ ነው። አሁን ቨርሊን ከጀርባው ሲወርድ ራስል እያቃሰተ ተነሳ፣ ካባውን አራገፈ፣ ባለ ዳክዬውን ጓደኛውን ከላይ እስከ ታች አየው። ዓይኑ እርጥብ ነው።

«ይኸውልህ» አለ ቨርሊን፣ ኮሚኩን እየዘረጋለት። «አብረን እናነበዋለን። የቀረውን ገጽ አላየሁትም። ምን ላድርግልህ፣ ራስል? ንገረኝ፣ ምንም ይሁን።»

ራስል አሰበ። ሃያ ዓመት ሙሉ የነበረው ከታች ነው።

«ተኛ» አለው።

ቨርሊን የራስልን ቁመት አየ፣ ስፋቱን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ መድረኩ ላይ በሆዱ ተዘረጋ፣ እጁን ወደፊት ዘረጋ፤ ዳክዬው ወለሉን ሲነካ አንዴ ጮኸ። ራስል ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ቨርሊን ግራውን ሰማው፣ ቀኙንም ሰማው፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«እለፍ» አለ። «እኔ እዚህ ነኝ።»